በሰንዳፋ አየር ላይ 760 ሲደመር፦ ፍጹም ዜሮ ለምን −387 ይወጣል?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ሰንዳፋ አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የጋዝ ግፊት ከሙቀት ጋር እንደሚጨምር ለማሳየት ባለ 250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ በጎማ ቡሽ ዘግቼ ከደም ግፊት መለኪያ ጋር አገናኘሁት። ውሃው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን መለኪያው 0፣ 80 ዲግሪ ሲደርስ 112 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አሳየ። ሁለቱም ላይ 760 ደምሬ መስመሩን ወደ ኋላ ሳስረዝመው ፍጹም ዜሮ −387 ዲግሪ ሆነ። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን? ሲሪንጅ ብጠቀምስ ይሻላል? ወይስ ደህና ዕቃ መግዛት አለብኝ?»

ምላሽ፦

መለኪያዎ አልተበላሸም። እንዲያውም ንባብዎ በእንዲህ ዓይነት ዕቃ ከሚገኘው ጥሩ የሚባል ነው። ችግሩ ያለው 760 ላይ ነው። 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በባሕር ጠለል ላይ ያለው የአየር ግፊት ነው፤ ሰንዳፋ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ያለው የአየር ግፊት 567 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ በኪሎፓስካል ከ75 እስከ 76 መካከል መሆኑ ነው። አቃቂ ከዚህ ትንሽ ከፍ ይላል፣ እንጦጦ አናት ላይ በጣም ዝቅ ይላል። 760 ግን በአዲስ አበባ ዙሪያ የትም አይገኝም።

በራስዎ ቁጥር እንየው። ትክክለኛው ፍጹም ዜሮ፣ ማለትም መስመሩ ወደ ኋላ ሲረዝም የጋዝ ግፊት 0 የሚሆንበት ሙቀት፣ −273 ዲግሪ ነው። በ60 ዲግሪ ልዩነት ግፊቱ በ112 ጨምሯል፤ ለአንድ ዲግሪ 1.867 ማለት ነው። 760ን ለ1.867 ሲያካፍሉ 407 ይመጣል፤ ከ20 ላይ 407 ሲነሳ −387። በ760 ፈንታ 567 ያስገቡ፦ 567 ለ1.867 ሲካፈል 304፣ ከ20 ላይ ሲነሳ −284። ሙከራውን ሳይደግሙ፣ አንዲት ዕቃ ሳይለውጡ፣ ስህተትዎ ከ114 ዲግሪ ወደ 11 ወረደ ማለት ነው። የቀረችው 11 ዲግሪም ምክንያት አላት፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ተማሪዎች ዘንድ የሚያስቸግረው ነገር የመለኪያው 0 ነው። የደም ግፊት መለኪያም ሆነ የመኪና ጎማ መለኪያ የሚያነቡት በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ጎሚስታው «ይህ ጎማ ባዶ ነው» ሲል በጎማው ውስጥ አየር የለም ማለቱ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ከውጭው እኩል ሆኗል ማለቱ ነው። ፍላስክዎ 0 ሲያሳይ በውስጡ 567 አለ። የጋዝ ሕግ የሚሠራው ከምንም ተነስቶ በተቆጠረው ጠቅላላ ግፊት ስለሆነ የአካባቢውን አየር መደመር ግድ ነው። የሚደመረው ግን ሙከራው በተሠራበት ቦታ ያለው አየር ነው።

ታዲያ 567 ከየት ይገኛል? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው የስልክ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ነው፤ ወጥመዱም እሱ ነው። መተግበሪያው ለሰንዳፋም ለአዲስ አበባም 1,010 ወይም 1,020 ሄክቶፓስካል የሚል ቁጥር ይሰጣል። ይህ ቦታው ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን ኖሮ ይኖረው የነበረ ተብሎ የተሰላ ግፊት ነው፤ ለአየር ትንበያ ይጠቅማል፣ ለፍላስክ ግን ከ760 የተለየ ነገር የለውም። አንዳንድ ስልኮች ውስጣቸው የባሮሜትር ሴንሰር አላቸው፤ የሴንሰሩን ጥሬ ንባብ የሚያሳይ መተግበሪያ ከተጫነ እሱ የሚታመን ነው። ሰንዳፋ ላይ 756 ሄክቶፓስካል አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ይህ በሚሊሜትር ሜርኩሪ ያው 567 ነው።

ስልክ ከሌለ ውሃ ያፍሉ። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው፤ ስለዚህ የሚፈላበት ሙቀት ግፊቱን ይናገራል። 91 ዲግሪ ላይ ከፈላ ግፊቱ 546፣ 92 ላይ ከሆነ 567፣ 93 ላይ ከሆነ 589 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ቴርሞሜትሩን ከውሃው በላይ እንፋሎቱ ውስጥ ይያዙት፤ የድስቱን ታች ከነካ ከእውነቱ በላይ ያነባል። እንፋሎቱ እንዳይበተን ድስቱ ግማሽ ክዳን ይኑረው። የአንድ ዲግሪ ስህተት 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ስለሚያስከትል ቴርሞሜትሩን አስቀድመው ይፈትሹት፦ የተፈጨ በረዶ በጥቂት ውሃ አርሰው ይክተቱትና 0 ማንበቡን ይዩ። 1 ካነበበ ከሁሉም ንባብ ላይ 1 ይቀንሱ። ለነገሩ «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል፣ ውሃው እየፈላ 92 ላይ ቆመ» የሚል ተማሪ ከተነሳ፣ ለሙከራው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አያገኙም።

ሦስተኛው መንገድ እኔ ከሁሉም የምመርጠው ነው፤ ሲሪንጅን በተመለከተ ላነሱት ጥያቄም መልሱ እዚሁ ነው። ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እና ያንኑ የደም ግፊት መለኪያ ያገናኙ። ሲሪንጁን 60 ላይ አድርገው ቱቦውን ይግጠሙ፤ መለኪያው 0 ያሳያል። 10 ሚሊ ሊትር ወደ ውስጥ ይግፉ (50 ላይ ይድረስ)፣ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ያንብቡ። ከዚያ 15፣ ከዚያ 20 ሚሊ ሊትር። ከ20 አይለፉ፤ መለኪያው 300 ላይ ያበቃል፣ 25 ሚሊ ሊትር ከተገፋ ግን ወደ 337 ይሄዳል፤ በውስጡ ያለው ስስ ብረት አንዴ ከተለጠጠ ጠቋሚው ወደ 0 አይመለስም። ግማሽ ደቂቃ የሚጠበቀው ደግሞ አየር በፍጥነት ሲጨመቅ ስለሚሞቅ ነው። ወዲያው ካነበቡ ያገኙት የግፊትና የሙቀት ድምር ነው። ሲሪንጁን በእጅ መዳፍ ጨብጦ መያዝም ያሞቀዋል፤ በጫፉ ይያዝ።

ቱቦውና የመለኪያው ሆድ የራሳቸው ይዘት ስላላቸው «60 ሲባዛ በ567» ብሎ በቀጥታ ማስላት አያዋጣም። መፍትሔው ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ንባብ የተገፋውን ሚሊ ሊትር ለመለኪያው ንባብ ያካፍሉ፤ ውጤቱን በቋሚው ዘንግ፣ የተገፋውን ሚሊ ሊትር በአግድሙ ዘንግ ላይ ያስፍሩ። ቀጥ ያለ፣ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ይወጣል። በአንድ ሚሊ ሊትር ምን ያህል እንደሚወርድ ወስደው 1ን ለእሱ ሲያካፍሉ የአካባቢው የአየር ግፊት ይገኛል። ለምሳሌ በ10 ሚሊ ሊትር 99.5፣ በ20 ደግሞ 241.3 ቢነበብ፣ ክፍፍሎቹ 0.1005 እና 0.0829 ናቸው፤ በ10 ሚሊ ሊትር 0.0176 ወረደ፣ በአንድ 0.00176፤ 1 ለ0.00176 ሲካፈል 567 ገደማ። መለኪያው የተከፈለው በሁለት ሁለት ስለሆነ ውጤቱ በ10 ወይም በ20 ከፍና ዝቅ ቢል አይገረሙ። ስለዚህ ሁለት ነጥብ አይበቃም፤ በየ2 ሚሊ ሊትሩ ይንበብ።

ይኸው መስመር ሌላም ስጦታ አለው። አግድሙ ዘንግ 0 ላይ ሲሆን መስመሩ ቋሚውን ዘንግ የሚቆርጥበትን ቁጥር በ567 ያባዙ። 67 ከመጣ፣ ሲሪንጁ 60 ስለሆነ 7 ሚሊ ሊትር በቱቦውና በመለኪያው ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው። 11 ዲግሪዋን የወሰደብዎት በአብዛኛው ይህ 7 ሚሊ ሊትር ነው።

ፍላስኩ 80 ዲግሪ ሲሞቅ ቱቦውና መለኪያው ጠረጴዛ ላይ 20 ዲግሪ ሆነው ቀርተዋል። ከሞቀው አየር የተወሰነው ወደ ቀዝቃዛው ቱቦ ስለሚገፋ ግፊቱ መጨመር ያለበትን ያህል አይጨምርም። ባለ 250 ፍላስክ እስከ ቡሹ ድረስ 290 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል (በውሃ ሞልተው በመስፈሪያ ይለኩት)። ቱቦው 7 ከሆነ፣ 116 መነበብ የነበረበት 113 ይሆናል፤ እርስዎ 112 አንብበዋል። ስሌቱን ካስተካከሉ ፍጹም ዜሮው −275 አካባቢ ይሆናል። በፍላስኩ ፈንታ 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሙከራ ቱቦ ቢጠቀሙ ኖሮ ግን ያው 7 ሚሊ ሊትር ንባቡን ወደ 99 አውርዶት ፍጹም ዜሮ −322 ይሆን ነበር። መድኃኒቱ ትልቅ ፍላስክና አጭር ቱቦ ነው። የደም ግፊት መለኪያውን ረጅም ጎማ ያውጡትና 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር በሚሆን፣ በቀጭን የግሉኮስ ቱቦ ይተኩት። ጤና ጣቢያዎች ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ተቀድዶ የሚጥሉት መለኪያ ብዙ ጊዜ ሰዓቱ (ጠቋሚ ያለው ክቡ ክፍል) ደህና ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ሰዓቱ ብቻ ነው።

አሁን ሙከራውን እንደ አዲስ ቢሠሩት እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ፍላስኩን በክፍሉ ሙቀት ላይ ሳይሆን በረዶ ውስጥ እንዳለ ይዝጉት። የደም ግፊት መለኪያ ከ0 በታች አያነብም፤ በ20 ላይ ተዘግቶ ቢቀዘቅዝ የሚያሳየው ነገር የለም። በ0 ዲግሪ ከተዘጋ ግን ከ0 እስከ 92 ያለው መንገድ በሙሉ ከላይ ይሆናል፤ በአንድ ዲግሪ 2.08 ያህል እየጨመረ፣ 20 ላይ 42፣ 40 ላይ 83፣ 60 ላይ 125፣ 80 ላይ 166 ሊነበብ ይገባዋል (ቱቦው ረጅም ከሆነ 80 ላይ 161 ገደማ)። ውሃው ቢፈላ እንኳ 191 ነው፤ ከ300 በታች።

ለዚህ ክፍል ውስጥ እሳት አያስፈልግም። አንድ ባልዲ ወይም ትልቅ ድስት፣ ከጁስ ቤት የተገዛ በረዶ፣ ሁለት ፔርሙዝ የፈላ ውሃ። ፍላስኩ አንገቱ ድረስ በበረዶ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ይቆይ፣ ቡሹ ይገጠም፣ መለኪያው 0 ላይ መሆኑ ይታይ። ከዚያ በረዶውን አውጥቶ ከፔርሙዙ ትንሽ ትንሽ እያፈሰሱ፣ የተትረፈረፈውን እየቀዱ፣ በየ15 ዲግሪው መቆም ነው። መብራት ቢጠፋ ሙከራው አይቋረጥም። ከፔርሙዝ ብቻ ከ70 በላይ ለመድረስ ያስቸግራል፤ ከ0 እስከ 70 ያለው ለግራፉ በቂ ነው።

በየማቆሚያው ውሃውን ያማስሉ፤ ሙቅ ውሃ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ታችኛው ክፍል በ5 ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ቴርሞሜትሩ ከፍላስኩ መሃል ጎን ይሁን። ጠቋሚው መንቀሳቀስ እስኪያቆም ሦስት አራት ደቂቃ ይጠብቁ፤ በፍላስኩ ውስጥ ያለው አየር ከውሃው ኋላ ነው የሚሞቀው። የሚያጣድፍ መምህር ሁልጊዜ ከእውነቱ ያነሰ ግፊት ያነባል። ፍላስኩ አየር ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ 300 ግራም የሚጠጋ የውሃ ግፊያ አለበት፣ በብረት መያዣ ወይም በአንገቱ ላይ በታሰረ ድንጋይ ይያዝ።

ቡሹን በሽቦ ወይም በገመድ ከአንገቱ ጋር ይሰሩት። 190 ሚሊሜትር ሜርኩሪ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቡሽ ላይ የ1.8 ኪሎ ያህል ክብደት ይገፋል። ቡሹ ፈንጥቆ ባይወጣ እንኳ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ከተንፏቀቀ የፍላስኩ ይዘት ተለወጠ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ዓይን አያየውም።

አየር የሚያመልጥ መሆኑ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ይፈተሽ። በሲሪንጅ አየር እየገፉ መለኪያውን 150 ላይ ያድርሱና ይዝጉ። በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ጥቂት ቢወርድ የተጨመቀው አየር እየቀዘቀዘ ነው፤ አይደንግጡ። ከዚያ በኋላ በሦስት ደቂቃ ከ2 በላይ ከወረደ ቀዳዳ አለ። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ አየር የሚለቀቅበት ብሎን ነው፤ መንፊያውን ከነብሎኑ አውጥተው ጫፉን በማጠፍና በማሰር ይዝጉት። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ቡሹ ውስጥ ያለው የቱቦ ቀዳዳ ነው። ቫዝሊን ለጊዜው ይረዳል፤ ሲሊኮን ማጣበቂያ ማታ ተቀብቶ ካደረ አስተማማኝ ነው። ሙከራው ሲያልቅም በመቀዝቀዝ ላይ እንደገና ይንበብ፦ ሲወጣ 40 ዲግሪ ላይ 83 የነበረው ሲወርድ 75 ከሆነ አየር አምልጧል፤ የመውጫው ግራፍም አይታመንም።

ከአየር ማምለጥ የባሰው ግን ውሃ ነው። ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ ፍላስክ ይህን ሙከራ ከሁሉም በላይ ያበላሸዋል። አንዲት ጠብታ፣ የሚሊ ሊትር ሃያኛ፣ በ300 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ውስጥ 80 ዲግሪ ላይ ሙሉ በሙሉ ብትተን ወደ 200 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የራሷን ግፊት ትጨምራለች። ያኔ መለኪያው 300ን ያልፋል፣ ፍጹም ዜሮም −130 እንኳ አይሞላም። ስህተቱ ከእርስዎ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ውጤቱ ከ−273 ወደ 0 ከቀረበ እርጥበትን ይጠርጥሩ፣ ከራቀ ደግሞ የተደመረውን የአየር ግፊት፣ ቱቦውን ወይም የሚያመልጥ አየርን። ግራፉም ይናገራል፦ ደረቅ አየር ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፣ እርጥብ አየር ከ40 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ይጎብጣል። ፍላስኩ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ተደርጎ ይድረቅ፤ ከሌለ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተደፍቶ ይዋል። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትንንሽ ከረጢቶች አንድ ሌሊት ውስጡ ማሳደርም ይረዳል። ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ይህን መዝለል አያዋጣም።

ፍላስክ ካጡ የለስላሳ መስታወት ጠርሙስ ይሆናል፤ ከበረዶ ወደ ፈላ ውሃ በአንዴ ከገባ ግን ይሰነጠቃል፣ ቀስ በቀስ ይሙቅ። የላስቲክ የውሃ ጠርሙስ አይሆንም። ግፊት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ከ70 ዲግሪ በላይ ደግሞ ይለሰልሳል፣ ይዘቱ ካልጸና ሕጉ አይሠራም። የመስታወቱ መስፋፋት ከግምት የሚገባ አይደለም።

ሲሪንጁን ራሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከትቶ ገፊው ሲወጣ ይዘትን ከሙቀት ጋር ማሳየትስ? ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ቁጥር ለማግኘት ግን አልመክርም። የላስቲክ ሲሪንጅ ጎማ ሰበቃ አለው። የሲሪንጁ ውስጠኛ ስፋት 5.6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሰበቃው 5 ኒውተን ቢሆን ወደ 9 ኪሎፓስካል ነው፣ ሰንዳፋ ላይ ካለው አየር 12 በመቶ። ከ20 እስከ 80 ዲግሪ ይዘቱ የሚጨምረው ደግሞ 20 በመቶ ብቻ ነው። ሰበቃው ግማሹን በላው ማለት ነው። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ያው ሰበቃ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ እዚህ ይጎላል። ሲሪንጅ ከመለኪያ ጋር ሲሠራ ግን ግፊቱ በቀጥታ ስለሚነበብ ሰበቃው አይገባበትም። ፊኛ በጠርሙስ አፍ ላይ አድርጎ ማሞቅና ጣሳ ማጨማደድም መልካም ትርኢት ናቸው፤ ግን ቁጥር አይሰጡም።

ስለ መግዛት። ዋጋው ቀላል የሆነ ኤሌክትሮኒክ የግፊት ሴንሰር፣ ለምሳሌ ቢኤምፒ280፣ ጠቅላላ ግፊቱን ስለሚያነብ የ760 ጣጣ ከነጭራሹ ይቀራል። የሚያነበው ከ300 እስከ 1,100 ሄክቶፓስካል ነው። ባሕር ጠለል ላይ በ0 ዲግሪ የተዘጋ ፍላስክ 30 ዲግሪ ሳይደርስ ይህን ጣሪያ ያልፋል፤ ሰንዳፋ ላይ ግን ከ756 ተነስቶ 92 ዲግሪ ላይ 1,010 ብቻ ስለሚደርስ ይበቃል፤ ከፍታው ለአንዴ ጠቀመን። ሴንሰሩን ፍላስኩ ውስጥ ማንጠልጠል ይቻላል፤ ያኔ የቱቦው 7 ሚሊ ሊትርም ይጠፋል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ሴንሰሩ የተሠራው እስከ 85 ዲግሪ ስለሆነ 80 ላይ ይቁሙ። ሽቦዎቹም በቡሹ ሲያልፉ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ሽቦ አይሁን፤ ዙሪያውን በሲሊኮን ቢደፍኑት እንኳ አየር በክሮቹ መሃል፣ በፕላስቲኩ ልብስ ውስጥ ለውስጥ ያመልጣል። እንደ ስልክ መስመር ባለ አንድ ዘንግ የመዳብ ሽቦ ይጠቀሙ፤ ቡሹ ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ ላይም ፕላስቲኩ ይላጥና ሲሊኮኑ በቀጥታ መዳቡን ይያዘው።